ትከሻ ላይ የተጀመረ ዜማ

ገዳሪፍን የወደድኋት በጆሮዬ ነው። ከጎንደር ወደ ቆላ ወርዶ፣ መተማን ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ የዋልካ ሜዳ አቋርጦ ለሚደርስ መንገደኛ ከተማዋ ለዓይን ብዙም አታጓጓም። ጠፍጣፋ ናት፤ አቧራዋ ያይላል፤ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚታየው ግዙፉ የእህል ጎተራ ነው። ድምፅዋ ግን ሌላ ነው። ጠዋት በእህል ጨረታው የሰሊጥና የማሽላ ዋጋ ሲጠራ የሚነሳው ጩኸት፣ ቀትር ላይ እነሱ ርክሻ የሚሉት የባጃጅ ጥሩምባ፣ ከየመስጊዱ የሚሰማው አዛን፣ ማታ ደግሞ ከየሻይ ቤቱ ደጃፍ የሚፈሰው ዘፈን። ዘፈኑ አንዴ ዐረብኛ ነው፣ አንዴ አማርኛ፣ አንዴ ትግርኛ። ቋንቋው ሲቀያየር ከተቀመጠበት የሚነሳ ሰው አላየሁም።

የሄድኩት በጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ እኔ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ ከካርቱም፣ ከገዚራ፣ ከሴናር የሸሸውን ሕዝብ ስትቀበል ኖራለች፤ መንገዱም እንደ ልብ የሚሄዱበት አልሆነም። እኔ የምጽፈው ያኔ ስላየኋትና ስለሰማኋት ከተማ ነው፤ በተለይም እዚያ ስላገኘሁት አንድ ድምፃዊ።

ከጎንደር አዘዞን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ጭልጋ አይከል ድረስ ደጋውን አይለቅም፤ ጠዋት ጋቢ ያስፈልጋል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ገንዳ ውሃ ሲደረስ ጃኬት ተወልቋል፣ መስኮት ሁሉ ተከፍቷል፣ ሻጮች የታሸገ ውሃ ይዘው መኪናውን ይከቡታል። መተማ ዮሐንስ ሲገባ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚህ ምድር ነው። ያን እያሰበ የሚደርስ ሰው ሐውልትና ዝምታ ሊጠብቅ ይችላል። የሚያገኘው ግን የሰሊጥ ጆንያ የጫኑ መኪኖች፣ የገንዘብ መንዛሪዎች፣ ሻንጣ ተሸካሚዎች፣ በሁለት ቋንቋ የሚደረግ ክርክር ነው። አንዲት አጭር ድልድይ አለች፤ በዚህ ጫፏ ብር፣ በዚያ ጫፏ ጊኔ። ማዶው ገላባት ነው።

ከገላባት ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ግማሹ ሰው ከአማራና ከትግራይ ለሥራ የወረደ ወጣት ነበር። የሰሊጡ አጨዳ አልቆ የማሽላው የቀረበት ወቅት ስለሆነ ከእርሻ ወደ እርሻ የሚዘዋወሩ ናቸው። ከተራራ አገር ለመጣ ሰው ያ ሜዳ ልብ ያስደነግጣል፤ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ የለም። ጥቁሩ አፈር በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፣ የታጨደ ማሽላ አገዳ እስከ አድማስ ቆሟል፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ሽመላዎች በእርሻው ውስጥ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። እኔ ከመስኮቱ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ጀላቢያ የለበሰው ሹፌር መጀመሪያ መሐመድ ወርዲን ከፈተ። ቀጥሎ፣ ተሳፋሪውን በመስተዋቱ አየት አድርጎ፣ ጥላሁን ገሠሠን። ይህ በዚያ መንገድ የተለመደ መስተንግዶ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ሱዳኖች የእኛን ዘፈን ቃሉን ሳያውቁ ይዘፍኑታል፤ እኛም እነ ሰይድ ኸሊፋንና ወርዲን እንዲሁ ነው ያደግንባቸው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ የሱዳንም የእኛም ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ ነው። ከግብፅ ወይም ከሶርያ የመጣ ዘፈን ውስጥ የሚሰማው ቀጭን የድምፅ ስንጥቅ በካርቱም ዘፈን እምብዛም የለም። ጆሯችን ስለሚገናኝ ድንበሩ እዚያ ላይ አይሠራም።

ገዳሪፍ ውስጥ ሐበሾች የሚሰበሰቡበት አንድ ቡና ቤት አለ፤ ባለቤቷ የጎንደር ሴት ናት፣ ቶብ ተከናንባ ጀበና ፊት ትቀመጣለች። ለሐበሻው ሥርዓቱን ጠብቃ በስኒ፣ ለሱዳኑ ዝንጅብል አብዝታ ትቀዳለች። አንድ ምሽት ከድምፅ ማጉያው የሬጌ ምት ተነሳ። ባሱ ከባድ ነው፣ ጊታሩ በምቱ መሐል እየገባ ይነካል። የጃማይካ ዘፈን መስሎኝ ነበር። ድምፁ ሲመጣ ግን አማርኛ ሆነ፤ አማርኛ ብቻም አይደለም፣ የምናውቀው የድሮ ዜማ ነበር፣ ከእነ ቅኝቱ፣ ከእነ እርግብግቢቱ።

«ይሄ ማን ነው?» አልኩት የሚያስተናግደውን ልጅ።

«ጊሊ ያሎ ነው፣ ጋሼ።»

«የት አገር ሰው ነው?»

ልጁ ሳይመልስ ባለቤቷ ቀና አለች። «የእኛው ልጅ ነው እንጂ! በዚሁ በኩል ነው ያለፈው፤ አሁን እስራኤል ነው ያለው» አለችኝ፤ ዘመዷን የምታስተዋውቅ ያህል በኩራት።

ያን ማታ ያለኝን የኢንተርኔት ካርድ በሙሉ በእሱ ዘፈኖች ጨረስኩ። በአንድ ድምፃዊ እንዲህ ከተያዝኩ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። ሙሉቀን መለሰን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ ዓለማየሁ እሸቴን ያስታውሳል፤ ነገር ግን ያን ዘመን እየገለበጠ አይደለም። ቃሉን ሲያነሳ ለየት ያለ አነሳስ አለው፤ አማርኛን ከእናትና ከአባቱ አፍ የወሰደ፣ በሌላ አገር መንገድ ላይ ያደገ ሰው አነሳስ። ያ አነሳስ ለእኔ የዘፈኖቹ ውበት ነው፤ ቢታረም እቃወማለሁ።

ጊሊ ያሎ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው ቤተሰቡ በእግር ወደ ሱዳን የወጣው። ዘመኑ 1976 እና 1977 ዓ.ም. ነው፤ በሰሜን ጦርነት፣ በየአውራጃው ድርቅ፣ ከአገር መውጣት በደርግ የተከለከለ። ቤተሰቡ የተገኘባቸው የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ ለዘመናት በስግድ በዓል ተራራ ወጥተው፣ ኦሪቱን አስነብበው፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጸልዩ ኖረዋል። በዚያን ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም የሚያደርሰው መንገድ በሱዳን በኩል ነው የሚለው ወሬ በየመንደሩ ደረሰ። ወሬው ከንቱ አልነበረም። ቀደም ብሎ ሱዳን የገባው መምህር ፈረደ አክሉም ከእስራኤል የስለላ ድርጅት ጋር ተገናኝቶ መውጫ መንገዱን አደራጅቶ ነበር። ከጎንደር ዙሪያ፣ ከስሜን፣ ከወልቃይት፣ ከሽሬ ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ከብቱን ለጎረቤት ትቶ ተነሣ።

ቀን ጫካና ገደል ውስጥ ተሸሽጎ፣ ሌሊት መጓዝ ነበር። ሳምንታት የወሰደባቸው አሉ። የተከራዩት መንገድ መሪ ከድቶ የሄደባቸው፣ ሽፍታ የዘረፋቸው፣ ውሃ ጥም የጣላቸው ብዙ ናቸው። እኔ በሚኒባስ መስኮት ያየሁት ያ ሜዳ ለእነሱ የመጨረሻው ፈተና ነበር። ደጋ የኖረ ሰው፣ ወባን የማያውቅ ገላ፣ ጥላ የሌለው ምድር። በዚያ ጉዞ ላይ አባቱ ልጁን ትከሻቸው ላይ ተሸከሙት፤ ልጁም እዚያው ላይ ሆኖ ይዘፍን ነበር። ያሎ ስለ ዘፋኝነቱ መነሻ ሲናገር የሚያነሳው ይህን ነው። ሌላው ድምፃዊ መነሻው የቀበሌ ኪነት ነው፣ ወይም የምሽት ክበብ፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን መዘምራን። የዚህ ሰው መነሻ በሌሊት የሚሄድ የአባት ትከሻ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሬጌው ራሱ የእርምጃ ምት ሆኖ ይሰማኝ ጀመር፤ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል፣ የማያቆም።

ኡም ራኩባን ማየት ነበረብኝ። በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን የተጠለሉበት የስደተኞች ጣቢያ በገላባትና በገዳሪፍ መሐል ካለችው ከዶካ ብዙም አይርቅም። ሌላው መጠለያ፣ ተዋዋ፣ ለገዳሪፍ ከተማ ቅርብ ነው። ኡም ራኩባ ከዓመታት በኋላ ተዘግቶ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሕዝቡን ሲያፈናቅል ዳግም ተከፈተ። እኔ ስደርስ የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ጥቂት ወራት ሆኖታል፣ ሰዎቹ ግን ገና እዚያው ነበሩ። ወደ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ ስለሚጠይቅ ከዳር ነው ያየሁት፤ የሣር ጎጆዎች፣ የላስቲክ ጣሪያዎች፣ ቢጫ ጀሪካን የሚያንከባልሉ ልጆች። ከአንድ ጎጆ የክራር ድምፅ ይመጣ ነበር፣ እውነተኛ ክራር፣ ከስልክ ያልሆነ። እንዴት አድርገው ይዘውት ወጡ? ተከዜን ሲሻገሩ ስንቱ ዕቃ ወድቆ ክራሩ ቀረ? አላፊ አግዳሚውን ጠየቅሁ፤ አንድ ወጣት «እዚሁ ተሠራ» አለኝ። እንጨቱ ከዚያው ሜዳ፣ ክሩ ከተገኘው ሽቦ።

በመንደሩ ገበያ ከአንድ የሱዳን ሽማግሌ ጋር ሻይ ጠጣሁ። አንድ ልጅ እየተረጎመልን ስለዚያ ስለ ቀድሞው ዘመን ጠየቅኋቸው። ሐበሾቹ ሲመጡ ወጣት እንደነበሩ፣ ብዙ ሕፃን ይሞት እንደነበር፣ መቃብር ሲቆፈር አብረው መቆፈራቸውን ነገሩኝ። ኩፍኝ፣ ወባ፣ ተቅማጥ በዚያ መጨናነቅ ውስጥ እንደ ሰደድ ሄደዋል። በመንገድና በመጠለያዎቹ የሞቱት ቤተ እስራኤላውያን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እዚህ፣ አስከሬናቸው ባረፈበት ምድር፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ያመለከቱኝ የማሽላ እርሻ ነው።

ከዚያ ሌሊት ሌሊት አውቶቡሶች ይመጡ ጀመር። ዘመቻ ሙሴ የተባለው ይህ ነው። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ድረስ ሰዎቹ ከገዳሪፍ አካባቢ በምስጢር ተጭነው፣ 400 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን መንገድ ተጉዘው፣ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በቤልጅየም ኩባንያ አውሮፕላኖች በአውሮፓ በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ቁጥራቸውን ከ6,500 በላይ የሚያደርጉ አሉ፣ 8,000 የሚያደርሱም አሉ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የሱዳኑ የኒሜሪ መንግሥት በረራውን አስቆመ። የቀሩትን 500 የሚጠጉ ሰዎች በመጋቢት የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ከዚያው ከገዳሪፍ አቅራቢያ ካለ ሜዳ ላይ አነሷቸው። የጊሊ ያሎ ቤተሰብ በዘመቻ ሙሴ ነው የገባው። ትከሻ ላይ የነበረው ልጅ መሬት ሲረግጥ አገሩ ሌላ፣ ቋንቋው ዕብራይስጥ ሆነ።

ስለ ልጅነቱ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የዘመዶቹ ሁሉ ታሪክ ነው። አዳዲስ መጤዎቹ በየዳር ከተማው ሰፈሩ፣ ልጆቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ወላጆች በአማርኛ ሲጠሯቸው በዕብራይስጥ መመለስን ለመዱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፖሊስን በደልና የቆዳ ቀለም መድልዎን ተቃውመው አደባባይ የወጡት እነዚያ ልጆችና ታናናሾቻቸው ናቸው። አማርኛ በዚያ ትውልድ ዘንድ የቤት ቋንቋ ነበር፤ የኩሽና፣ የለቅሶ፣ የአያቶች። ወደ መድረክ እንዲወጣ የሚያወጣው ሰው ያስፈልግ ነበር።

ያሎ ያወጣው በዝቩሉን ደብ ሲስተም ነው። ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ2006 ቴል አቪቭ ውስጥ የመሠረቱት ሬጌ ወዳድ ወንድማማቾች ናቸው፤ ያሎ መሪ ድምፃዊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 «አንበሳ ደብ» የተባለውን አልበም አወጡ፤ የድሮ የአማርኛና የትግርኛ ዘፈኖችን ወስደው በሬጌ ምት ላይ አስቀመጧቸው። ገዳሪፍ ውስጥ የሰማሁት ከዚህ ነው። ሻሸመኔ ላይ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያን ከጃማይካ ወደ ኢትዮጵያ የመጡበትን መንገድ ይህ አልበም በሌላ አቅጣጫ ይሄደዋል፤ ከኢትዮጵያ ዜማ ተነሥቶ ኪንግስተን ላይ ይደርሳል። እኔ ከእነዚያ ዘፈኖች የምወደው የመለከቶቹን አገባብ ነው። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ባንዶች በ1960ዎቹ የነፉት ዓይነት መለከት፣ ያው ትንሽ ሻካራ፣ ያው የሚያለቅስ፣ ግን ባሱ ስለሚያረጋጋው አይቸኩልም።

ግን ድምፃዊው ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ብቻውን ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በራሱ ስም የሰየመውን አልበም አወጣ፤ «ሰላም» የተባለው ዘፈን የሚገኝበት ነው። እዚህ ላይ ሬጌው ወደ ኋላ ይላል፣ ፈንክና ሶል ይገባሉ፣ ግጥሙም ዜማውም አዲስ ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ይቀያየራሉ። የሌላውን ዘፈን ሲያድስ የነበረ ሰው እዚህ ጸሐፊ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በቴክሳስ የተቀዳ «ሜድ ኢን አምሃሪካ» የተባለ አጭር አልበም አስከተለ። የአሜሪካ ደቡብ የጥቁሮች ሙዚቃ ከአምባሰልና ከትዝታ ጋር እንዲህ በጥሩ ሁኔታ ይኗኗራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ይህን ይስማ። ሰውየው በሚሄድበት ሁሉ ቅኝቱን ይዞ ይሄዳል። የአገሬ ዘፈን አቀናባሪዎች ቁጭ ብለው ሊሰሙት ይገባል እላለሁ፤ ጊታሩ የክራርን ቦታ ሲይዝ ክራሩ እንዳይጠፋ እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል።

እሱ ብቻም አይደለም። ካብራ ካሳይ፣ ከኢዳን ራይኸል ቡድን ጋር ዓለምን የዞረችው፣ የተወለደችው ሱዳን ውስጥ በስደተኞች መጠለያ ነው። ከእሷ በፊት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሽሎሞ ግሮኒኽ ከኢትዮጵያውያን ልጆች የሸባ መዘምራን ጋር ያንን የሱዳን ጉዞ የሚተርከውን «ሺር ሀማሳ»ን ለእስራኤል ሕዝብ አሰምቷል። ኤስተር ራዳ እዚያው እስራኤል ተወልዳ የሙሉቀንን «ናኑ ናኑ ነይ» በራሷ መንገድ ዘፈነች። ኤደን አለነ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዩሮቪዥን የተመረጠችበት ዘፈን አማርኛ ነበረበት፤ ውድድሩ በኮሮና ቢሰረዝም በዓመቱ ሮተርዳም ላይ ቆማለች። እነዚህን ሁሉ ተራ በተራ ስሰማ የሚታየኝ፣ የእስራኤል ሬዲዮ ላይ ከወጣው ከዚያ ድምፅ ብዙው ወይ ራሱ ወይ በወላጆቹ እግር ከዚህ ድንበር ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ስለ ገዳሪፍ የሰሊጡ፣ የማሽላውና የስደተኛው ብዛት በሰፊው ይጻፋል። ለዘፈን ያበረከተችው ግን አብሮ ቢጻፍ እወዳለሁ።

የቤተ እስራኤል ልጆች ሽመላ በመንደራቸው ላይ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት የሚጠይቁበት የቆየ የልጆች ዘፈን አላቸው። ወፉ ከሰሜን መጥቶ በዚህ ሜዳ ይከርማል፤ እኔ በማሽላው መሐል ሲራመድ ያየሁት ያው ነው። ልጆቹ ወፉን ጠይቀው ሳይመለስላቸው፣ ወፉ በሚከርምበት ሜዳ ላይ በእግራቸው መጡ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ትከሻ ላይ ሆኖ የትኛውን ዘፈን ይዘፍን ነበር ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ያንን ጉዞ የተጓዙ እናቶችና አባቶች ዛሬ አርጅተዋል፤ በሌሊት ልጅ ለማባበል ምን እንደሚያዜሙ የሚያስታውሱ ግን አሉ። ቀጂ ይዞ የሚሄድላቸው ሰው ቢገኝ ሥራው ለአንድ ሙሉ አልበም ይበቃል፤ ያሎ ራሱ ቢሠራው ደግሞ የሚሻል ሰው አይታየኝም።

ስመለስ ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ከሹፌሩ ጎን ያለው መቀመጫ ደረሰኝ። ስልኬን ከመኪናው ጋር አገናኝቼ «አንበሳ ደብ»ን ከፈትኩለት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ መሪውን በጣቱ እየመታ አብሮ ያዜም ጀመር፤ አማርኛውን አይችልም፣ ዜማውን ግን አንድም ቦታ አልሳተም። ዶካን ስናልፍ ዘፋኙ በልጅነቱ በዚህ መንገድ እንዳለፈ ነገርኩት። «ማሻአላህ» አለና ድምፁን ከፍ አደረገው። ገላባት ስንደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ሰጠኝ። አንዲት የስልክ ሱቅ ገብቼ «አንበሳ ደብ»ንም፣ የ2017ቱንም፣ የቴክሳሱንም ከወርዲና ከጥላሁን ጎን ጫንኩለት። ወደ ገዳሪፍ የሚመለሱ ተሳፋሪዎች መኪናው ውስጥ ሞልተው ይጠብቁ ነበር፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት የማሽላ አጫጆች «እስቲ ይከፈት!» ብለው ጮኹ።